የዘገየው ደወል

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «እትዬ ሊኑክስ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ከአራት ዓመት በፊት የመጣው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሲያወጣላት ለቀልድ ነበር፤ ቀልዱ አልፎ ስሙ ቀረ። እሷም ከመልመዷ ብዛት የውስጥ ስልክ ስታነሳ «አቤት፣ እትዬ ሊኑክስ» ማለት ጀመረች። ዕድሜዋ አርባ አራት ነው፤ ሥራዋ የኮምፒውተር ጨዋታ ማሻገር።

ማሻገር ምን እንደሆነ ለሰው ስታስረዳ ምላሷ ደርቋል። ጨዋታ የሚጻፈው ለዊንዶውስ ነው። ይቺን ሥዕል ሣልልኝ፣ ይህን ድምፅ አሰማልኝ፣ ሰውየው ቁልፉን ነክቷል ወይስ አልነካም እያለ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው በዊንዶውስ አፍ ነው። ሊኑክስ ደግሞ ያን አፍ አይሰማም። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጨዋታው ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርበትን ቦታ ሁሉ እየፈለፈለ በሊኑክስ አፍ እንደገና መጻፍ አለበት። ያ ሰው እሷ ናት። ጎረቤቷ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «ታዲያ መጀመሪያውኑ ለሁሉም አድርገው አይሠሩትም?» ብላት ታውቃለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሷም የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ መልስ የሰጣት ግን የለም።

የሚሠሩት ከጎማ መሸጫ በላይ ባለ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ ስምንት ሰዎች ናቸው፤ የሷ ጠረጴዛ ከማተሚያ ማሽኑ ጎን ነው፤ ወረቀት የሚያወጣ ሰው ሁሉ ክርኗን ገጭቶ ያልፋል። ትልቁ ጨዋታቸው «ጣቢያው» ይባላል። ተጫዋቹ የባቡር ጣቢያ ሲግናል ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ደወል ይደወላል፤ ባቡር እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ትክክለኛውን እጀታ ስቦ ሐዲዱን ማቀያየር ነው። ከዘገየ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ይገናኛል። ነገር ዓለሙ ያው ነው፤ ደወል፣ እጀታ፣ ሐዲድ። ለማያውቀው ሰው አሰልቺ ይመስላል፤ የለመደው ሰው ግን ምሳውን ይረሳል።

ከለመዱት አንዱ ታላቅ ወንድሟ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል፤ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። አባታቸው ሲሞት እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ አባትም ወንድምም እሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የባቡር ድርጅቱ ወርክሾፕ ውስጥ የሲግናል ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ሠርቷል፤ ደወል፣ መብራት፣ ሽቦ። የመጀመሪያዋን ኮምፒውተር ያመጣላት እሱ ነው፤ ድርጅቱ አሮጌ ነው ብሎ የጣለውን በካርቶን ታቅፎ። ዊንዶውስ ሲጭኑበት ማሽኑ አቃሰተና ተኛ። አንድ የሥራ ባልደረባው ሊኑክስ ጫነበት፤ ተነሳ። ሊኑክስን የሚያመልኩ ሰዎች አሉ ይባላል፤ እነሱ ቤት ግን የእምነት ጉዳይ አልነበረም፤ ማሽኑ የቻለው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው።

ወንድም ጋሼ አርባ ስድስት ዓመት ሲሆነው እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብሎን መፍቻው የብሎኑን ራስ አላገኝ አለው። ድርጅቱ አመስግኖ፣ ወረቀት ሰጥቶ፣ በጊዜ ጡረታ አወጣው። በዓመቱ «ጣቢያው» ወጣ። እህቱ የምትሠራበት ቤት፣ የሱን ሥራ ጨዋታ አድርጎ ሲያወጣው፣ እሱ ቤት ያለው ኮምፒውተር ሊኑክስ ስለሆነ መጫወት አልቻለም። «ግድ የለም እህት ዓለም፣ እንዴት እንደሆነ አንቺ ትነግሪኛለሽ» አላት። ያቺ «ግድ የለም» አንጀቷን በላችው።

የዚያን ጊዜውን የመሥሪያ ቤቷን ባለቤት ለመነችው። «በራስሽ ጊዜ ከሆነ እንደፈለግሽ» አላት። ሰባት ወር ቅዳሜና እሁዷን ሰጥታ ጨዋታውን አሻገረችው። ጨዋታው እሱ ማሽን ላይ የተከፈተ ቀን ወንድም ጋሼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወተ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ብሎን ባይፈታም አንድ ቁልፍ መጫን አያቅተውም። ከዚያ ዞር ብሎ «ደወሉ ልክ አይደለም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነው» አላት። በማግስቱ ለድምፅ ባለሙያዋ ነገረቻት፤ ደወሉ ለዓለም ሁሉ ተቀየረ። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን የኮራችበት ጊዜ የለም።

ያ የቅዳሜና እሁድ ሥራ እየቆየ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሆነ፤ እሷም የሊኑክሱ ቅጂ ኃላፊ ተባለች። ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሆነ አይጠየቅ፤ ከሷ ሌላ ሰው የለበትም። ቅጂውም የእንጀራ ልጅ ነበር። አዲስ ነገር ሲጨመር መጀመሪያ ዊንዶውሱ ያገኛል፤ እሷ ከስድስት ወር በኋላ እየሮጠች ትደርሳለች፤ ስትደርስ እነሱ ሌላ ጨምረዋል።

አስማሚው የመጣው በዚህ መሐል ነው። አስማሚ ማለት በጨዋታውና በማሽኑ መካከል የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። ጨዋታው በዊንዶውስ አፍ የተናገረውን ሁሉ እየተቀበለ ለሊኑክስ ይተረጉማል። ጨዋታው የትም የሄደ አይመስለውም፤ ዊንዶውስ ላይ ነኝ ብሎ አምኖ ይሠራል። እሷ መጀመሪያ ስታየው ከጉዳይ አልቆጠረችውም። ሥዕሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ይታነቃል፣ ደርሶ ድርግም ይላል። ምሳ ላይ ሲነሳ «ባልና ሚስት በአስተርጓሚ ቢያወሩ ልጅ ይወልዱ ይሆናል፤ ትዳር ግን አይባልም» እያለች ታስቃቸው ነበር።

ሳቁ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ፤ አስተርጓሚው አፉን እየፈታ መጣ። የሚሠሩት ሰዎች ጎበዞች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ለፍቅር የሚሠሩ። እንዳትጠላቸው እንደ ራሷ ናቸው፤ እንዳትወዳቸው ጉድጓዷን እየቆፈሩ ነው። ዛሬ ተጫዋቹ ማድረግ ያለበት ምርጫ ውስጥ ገብቶ «በአስማሚው ክፈት» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። አንድ ምልክት፤ የሷ አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ ወዲያ ማዶ።

እሷ ግን አልደነገጠችም፤ ማስረጃ ነበራትና። በየወሩ በምታቀርበው ሪፖርት ላይ «የሊኑክስ ተጫዋቾች ቅሬታ» የሚል ዓምድ አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «የለም» እያለች ሞልታዋለች። የዊንዶውሱ ተጫዋቾች እሪ ሲሉ የሷዎቹ ዝም። ዝምታውን እርካታ ነው ብላ ያዘችው። በየወሩ ደግሞ «ሲግናል» በሚል ስም አንድ ተጫዋች በጨዋታው ውስጥ ባለው የሪፖርት መላኪያ ይጽፋል። «ጨዋታው ፀጥ ብሎ ይሄዳል። ደወሉ በሰዓቱ ነው። ሁሉም ደህና ነው። እናመሰግናለን።» ከሥሩ የጨዋታው የራሱ መዝገብ ፋይል ተያይዞ ይመጣል። ሲግናል ወንድም ጋሼ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ለመሥሪያ ቤቱ «አንድ የድሮ የባቡር ሠራተኛ» ነው። ውሸት አይደለም፤ እውነቱም ሙሉ አይደለም።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ማተሚያው ላይ ተደግፎ «እትዬ፣ ሐሙስ አንድ ነገር እንወስናለን» አላት። «ለሊኑክስ ለብቻው የምንሠራው ይቀጥል፣ ወይስ ሰዎቹ የዊንዶውሱን በአስማሚው ይጫወቱት?»

«ከቀረ እኔስ?»

«አንቺማ የትም አትሄጂም። ሥራ ሞልቷል። የዊንዶውሱ ቅጂ በአስማሚው በደንብ መሄዱን የሚፈትሽ ሰው ያስፈልገናል።»

«እኔ አስተርጓሚውን ልፈትሽ?»

«እንዲህ አታድርጊው። ይቀጥል የምትዪ ከሆነ ሰዎች እንደሚጠቀሙበት አሳዪን። ቁጥር ባይኖር እንኳን አንድ ሰው፤ 'ይሄ ቢቀርብኝ እጎዳለሁ' የሚል አንድ ሰው አምጪ።»

አንድ ሰው ከሆነማ እሷ ጋ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ የሲግናልን መልእክቶች ስታሰባስብ ሰነበተች፤ ሃያ ሦስት ናቸው። በቀን ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው፤ ስታነባቸው ፊቷ ይፈካ ነበር። የተያያዙትን ፋይሎች ግን አንዱንም አልከፈተችም። በሙያዋ ልማድ ፋይል የሚከፈተው ተጫዋቹ ተበላሸብኝ ሲል ነው። ደህና ነኝ ያለ ሰው የምርመራ ወረቀቱን ማን ያነብበታል? ይህ ስንፍና አይደለም፤ አሥራ አንድ ዓመት ያመጣው የእጅ ልማድ ነው። እሱው ጉድ ሠራት።

ሐሙስ ጠዋት ስድስት ሆነው ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ ትልቁ ስክሪን በርቷል። መልእክቶቹን ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችላቸው። ድምጿ ጥሩ ነበር። «ደወሉ በሰዓቱ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ የድምፅ ባለሙያዋ ፈገግ አለች፤ ደወሉን የቀዳችው እሷ ናትና። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቀና ብሎ መስማት ጀመረ።

«ደስ የሚል ሰውዬ ነው» አለ። «እስቲ ፋይሉን ክፈቺው፤ ምን ዓይነት ማሽን ላይ እንደሚጫወት እንይ።»

በኩራት ከፈተችው። የጨዋታው መዝገብ መጀመሪያ መሥመር ላይ ምንጊዜም አንድ ነገር ይጽፋል፦ ጨዋታው ምን ላይ እየሠራ እንደሆነ። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ዊንዶውስ» የሚል ወጣ። ከሥሩ ባለው መሥመር አስማሚው የራሱን ስም ጽፏል።

«ተሳስቼ ሌላ ከፍቼ ነው» አለች። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ያው። አምስተኛውን፤ ያው። እጇ እየፈጠነ አሥረኛውን፣ አሥራ ስምንተኛውን፣ የመጨረሻውን ከፈተች። ሃያ ሦስቱም ፋይሎች ያንኑ ተናገሩ። ወንድም ጋሼ ከተወለደ ዊንዶውስ ኖሮት አያውቅም።

የድምፅ ባለሙያዋ ቀስ ብላ «ሰውዬው እኮ በአስማሚው ነው የሚጫወተው» አለች። ለማሳፈር ብላ አልነበረም፤ ነገሩ ከአፏ አመለጣት።

ሥራ አስኪያጁ አልሳቀባትም። ቢስቅ ይሻል ነበር። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለና «የኛ ምርጥ የሊኑክስ ተጫዋች እንኳን...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ውሳኔው አራት ደቂቃ አልፈጀም፤ የሊኑክሱ ቅጂ ይዘጋ ተባለ። እሷ በዚያ አራት ደቂቃ ምን እንደተባለ አልሰማችም፤ የከፈተቻቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ እየዘጋች ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ላፕቶፗን አንግታ ወጣችና አውቶቡስ ተሳፍራ ወንድሟ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችላት የወንድሟ ሚስት ናት። ፊቷን አይታ «ውይ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት በጎኗ አልፋ ገባች። ወንድም ጋሼ ሳሎን ጥግ ባለው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ግራ እጁን እንዳይንቀጠቀጥ ጉልበቱ ሥር ወትፎ።

«ወንድም ጋሼ፣ የትኛውን ነው የምትጫወተው?»

«የቱን ማለትሽ ነው?»

«የኔን ነው የአስማሚውን?»

ሚስቱን አየ። ሚስቱ መጋረጃውን አየች። ለመልሱ ይህ ይበቃ ነበር፤ እሷ ግን አልበቃትም።

«ተናገር እንጂ! ሁለት ዓመት ሙሉ ስትዋሸኝ!»

«አልዋሸሁም። ደወሉ በሰዓቱ ነው አልኩ። በሰዓቱ ነው።»

«የማን ደወል?»

መልሱን ሚስቱ አነሳችው። «እኔ ነግሬው ነበር። ንገራት፣ ሙያዋ ነው፣ አትቀየምም ብዬው ነበር። እምቢ አለ።»

ወንድም ጋሼ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወጣ። «ያኔ ደውለሽ 'አዲሱን ጨረስኩት፣ ሦስት ወር አልተኛሁም፣ አሁን ልተኛ ነው' አልሽኝ። ትዝ ይልሻል? ድምፅሽ ደክሟል፤ ደግሞ ደስ ብሎሻል። እኔም በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሬን አፕዴት አድርጌዋለሁ። ከፈትኩት። ባቡሩ ገባ፤ ደወሉ ከኋላው መጣ። ግማሽ ሰከንድ። ምን ልበልሽ? ተነሺና እንደገና ሥሪ ልበልሽ?»

«አዎ! እንደሱ ልትለኝ ነበር የሚገባህ!»

«እንግዲህ አልቻልኩም። እስኪ ልሞክረው ብዬ ያችን ምልክት ነካኋት። በሰዓቱ ደወለ። በቃ፣ ይሄው ነው።»

እሷ ቆማ ነበር የምትሰማው፤ ተቀመጠች። ነገሩ ሁሉ ገባት። አፕዴቱ የደረሰው የሱ ማሽን ብቻ ጋ አይደለም፤ እሷ ከምትፈትሽበት የመሥሪያ ቤት ማሽን በቀር ሁሉም ጋ ነው። የሁሉም ደወል ዘግይቷል። ሁሉም እንደሱ ያቺን ምልክት ነክተው ዝም ብለው ሄደዋል። ሌላው ስለማይገደው ነው፤ እሱ ደግሞ በጣም ስለሚገደው። እሷ ደግሞ በየወሩ «ቅሬታ፦ የለም» እያለች ስትጽፍ የሰው አለመኖር ነበር የምትጽፈው።

«አንድ ሰው ቢነግረኝ» አለች። «አንድ! ዛሬ ዘጉት እኮ። አንተን ምስክር አድርጌ አቅርቤህ ነው የዘጉት።»

የወንድም ጋሼ እጅ ከጉልበቱ ሥር ወጣና ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አልደበቀውም። ተነሳ፤ ከመስኮቱ ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ግራጫ ሽፋን ያለው ደብተር አወጣና ፊቷ አስቀመጠው።

የብልሽት መዝገብ ነው፤ በባቡር ድርጅቱ ወርክሾፕ እንደሚያዘው የተሠመረ። ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የታየው ብልሽት፣ ያየው ሰው ስም፣ የተስተካከለበት ቀን። ወርክሾፑ ውስጥ ሕጉ ጥብቅ ነበር፤ ብልሽት ያየ ሰው ሳይጽፍና ለተረኛ አለቃ ሳያስረክብ ወደ ቤቱ አይሄድም። ወንድም ጋሼ ራሱ አንድ ጊዜ የላላ ሽቦ አይቶ ያልጻፈ ጓደኛውን ለአለቃ አሳልፎ ሰጥቶ፣ ሰውየው ከሥራ ሲባረር «ይገባዋል» ያለ ሰው ነው። ይህን ታሪክ ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ያ ሰው ነው ለእህቱ ሲል ጽፎ ያላስረከበው።

ቁጥር አንድ፦ ደወል ከባቡሩ ኋላ ይመጣል፣ ግማሽ ሰከንድ። ቁጥር አራት፦ የጨዋታው መስኮት ዝቅ ተደርጎ ሲመለስ ድምፁ ይጠፋል። ቁጥር አሥራ ሰባት፦ ሦስተኛው እጀታ ሁለቴ ካልተነካ አይሰማም። ሠላሳ አንድ ብልሽት ነበር፤ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ እያንዳንዱ ፊደል ተለቅሞ የተጻፈ። የመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። እያነበበች ሳለ እያንዳንዱ የት እንዳለ ታያት። ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይሄ የአንድ ሰዓት፤ ይሄኛው ምኑም አይደል። በሙያዋ እንዲህ ያለ ሪፖርት ተልኮላት አያውቅም። ይህ ደብተር ከሁለት ዓመት በፊት እጇ ቢገባ ኖሮ፣ ስክሪኑ ላይ ያሳየችው ነገር ሌላ ይሆን ነበር።

ላፕቶፗን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ቁጥር አንድን አገኘችው። አዲሱ አፕዴት ድምፅን ትንሽ አጠራቅሞ ነው የሚለቀው፤ እሷ ደግሞ ምን ያህል ያጠራቅም ብላ አልነገረችውም። ሁለት መሥመር ነው። ሁለት ዓመቷን የበላባት ሁለት መሥመር። ጽፋ፣ ወንድሟ ማሽን ላይ አስገብታ፣ የራሷን ቅጂ ከፈተች። ባቡሩ ገና ከማዶ ሳለ ደወሉ ጮኸ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ወንድም ጋሼ ተቀመጠና አራት ባቡር አሳለፈ። ከዚያ በአስማሚው ከፍቶ አራት አሳለፈ። እንደገና ወደ እህቱ ቅጂ ተመለሰ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«ያንቺኛው ይሻላል» አላት። «እጀታው ቶሎ ይሰማል።»

ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ይህ ሰው ጥሩ ነው ያለው ነገር ለሷ ጥሩ ነበር። የፈተና ወረቀቷን፣ የመጀመሪያ ደመወዟን፣ ባል ብላ ያመጣችውንና እሱ ሳይወደው የቀረውን ሁሉ በሱ ቃል መዝናዋለች። አሁን ቃሉን ሰምታ ምን እንደምታደርገው ጨነቃት። «እውነትህን ነው?» ልትለው ፈልጋ ተወችው፤ አዎ እንደሚል ታውቃለች። እጇን ዘርግታ የጨዋታውን መዝገብ ፋይል ከፈተች። ቁጥሮቹን አየች። የሷ ቅጂ በትንሹም ቢሆን ይፈጥናል። ወንድም ጋሼ እውነቱን ነበር። ግን ፋይሉን ስትከፍት አይቷታል፤ ዞር ብሎ ማዳመጫውን ማጠፍ ጀመረ።

አርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ «ደወሉን አስተካክዬዋለሁ። ሠላሳ ብልሽት ቀርቶኛል፤ አንድ ወር ስጠኝ» አለችው።

«እትዬ፣ በጣም ጥሩ ነው» አላት፤ ከአንገት በላይ አልነበረም። «ግን ነገሩ የደወል አይደለም። ሁለት ዓመት ተበላሽቶ ሲቀመጥ አንድ ሰው አልጮኸም። ሲሞት ማንም ያልጮኸለትን ነገር እንዴት አድርጌ ልከራከርለት?»

አንድ ሰው ጽፎታል ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ደብተሩም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ግን ማን ነው ቢላት፣ ወንድሜ ነው ልትል ነው፤ ያ ትናንት ግድግዳው ላይ ያያችሁት ሰው ነው ልትል ነው። ቦርሳዋን ዘጋችው። እሱም በጨዋ ደንብ ሁለት ሥራ ሰጣት። አንደኛው የሊኑክሱን ቅጂ ከገበያ ማውረድ ነው፤ መንገዱን ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው በሊኑክሱ ቅጂ ለሚጽፉ ሰዎች በራሱ የሚሄድ መልስ ማዘጋጀት ነው። «አንቺ ብትጽፊው ይሻላል፤ ሰዎችሽን ታውቂያቸዋለሽ» አላት።

ጻፈችው። «ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ለሊኑክስ ለብቻው የተሠራው ቅጂ አገልግሎቱን አቁሟል፤ በዚህ ቅጂ ላይ የሚላኩ የብልሽት ሪፖርቶች አይታዩም። እባክዎ የዊንዶውሱን ቅጂ በአስማሚው ይጫወቱ።» «አይታዩም» የሚለውን ሦስት ጊዜ ቀይራ መልሳ እዚያው አገባችው፤ ጥርት ያለው እሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዋ አስተርጓሚውን መፈተሽ ሆነ። የዊንዶውሱን ቅጂ በአስማሚው ትከፍታለች፣ አራት ባቡር ታሳልፋለች፣ ቅጹ ላይ «ይሠራል» የሚለውን ትሞላለች። ይሠራልም። እውነቱን መናገር ካለባት በደንብ ይሠራል፤ የሚያቃጥላትም ይኸው ነው። ለወንድም ጋሼም አልደወለችለትም። ደብተሩንም በሚስቱ በኩል መልሳለች። ተኮራርፈው አይደለም፤ ቢደዋወሉ እንዴት ነሽ እንዴት ነህ መባባል ሊኖር ነው፤ ደህና ነኝ ሲባባሉ ደግሞ ሁለቱም ሊያፍሩ ነው።

በወሩ አንድ ማክሰኞ መሥሪያ ቤት ስትገባ ከሲግናል መልእክት አገኘች። የተላከው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ነው። አሁን ልማዷ ተቀይሯል፤ መጀመሪያ የከፈተችው ፋይሉን ነው። የመጀመሪያው መሥመር «ሊኑክስ» ይላል። ያን ቀን ማሽኑ ላይ ትታው የሄደችውን፣ በዓለም ላይ እሱ ጋ ብቻ ያለውን ቅጂ ነው የሚጫወተው። ከዚያ መልእክቱን አነበበች።

«ቁጥር 32። የሰሜኑ መብራት ቀይ ሲሆን አንዳንዴ አረንጓዴውም አብሮ ይበራል። ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ቀንና ሰዓቱን ከታች ጽፌያለሁ። ይህ አደገኛ ስለሆነ ቢታይ። ያየው ሰው፦ እኔ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ የላከላት የመጀመሪያው እውነተኛ ሪፖርት ነበር። ብልሽቱ የት እንዳለ እያነበበች ታወቃት። ደስ ሊላት ሲጀምር ከመልእክቱ ሥር ያለውን አየች። መልሱ ሄዷል። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ፣ በዚያችው ደቂቃ፣ በሷ ቃል፤ ስለጻፉልን እናመሰግናለን፣ የብልሽት ሪፖርቶች አይታዩም።

ስልኳን አንስታ ደወለች። ያነሳችው የወንድሟ ሚስት ናት።

«ወንድም ጋሼ አለ?»

«አለ፤ እዚህ ነው።»

«ጠዋት የሆነ ነገር ደርሶት ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ። የሆነ ነገር ሲያነብ አየሁት። ከዚያ ደብተሩን ዘግቶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው።»

«እስቲ አገናኚኝ። ጨዋታው እንዴት ሆነልህ በዪው።»

የወንድሟ ሚስት ስልኩን ከጆሮዋ ስታርቅ ከኋላ ደወሉ ተሰማ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። የትኛው ቅጂ እንደሆነ በስልክ መለየት አይቻልም። ጥቂት ቆይታ ተመለሰች።

«ስልክ ለመያዝ እጁ አልመች ብሎት ነው። ሁሉም ደህና ነው በያት ብሎኛል» አለቻት።